ማን ይታረም? የብራውዘርና የቢሮ ሶፍትዌር መሻሻል ታሪክ ከግእዝ ፊደል አንጻር

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ የቋንቋ እርማት ተደርጎበታል።)



በየመሥሪያ ቤቱ ደጋግመን የምንሰማት አንዲት ዐረፍተ ነገር አለች። ባለጉዳይ በመስኮቱ ፊት ቆሟል። ስሙ ኃይለ ሥላሴ ነው እንበል። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ስሙን ጽፋ ትፈልጋለች፤ አታገኘውም። ደግማ ትፈልጋለች፤ አሁንም የለም። ከብዙ ድካም በኋላ መዝገቡን የከፈተው ሰው ስሙን በ«ኃ» ሳይሆን በ«ሀ»፣ በ«ሥ» ሳይሆን በ«ስ»፣ አለያይቶ ሳይሆን አያይዞ እንደ ጻፈው ይታወቃል። ለእያንዳንዱ ልዩነት ሁለት አማራጭ ብቻ ብንቆጥር እንኳ አንዱ ስም በስምንት መልክ ሊጻፍ ይችላል። ሠራተኛዋም ፈገግ ብላ፣ «ይቅርታ፣ እኔ ኮምፒዩተር ብዙም አልችልም» ትላለች።

የዛሬው ንግግሬ ስለዚህች ዐረፍተ ነገር ነው። ሴትዮዋ ጥፋቱን በራሷ ላይ አድርጋለች። ታሪክ ግን ፍርዱን እንድንመረምር ይጋብዘናል። ሰውና መሣሪያ አልጣጣም ሲሉ መታረም ያለበት ማን ነው? ዛሬ በየጠረጴዛችን ላይ ያሉት ብራውዘሮችና የቢሮ ፕሮግራሞች የደረሱበት ደረጃ ላይ የደረሱት ይህ ጥያቄ በተለያየ ዘመን በተለያየ መንገድ እየተመለሰ ነው። እኛም በራሳችን ፊደል ምክንያት ከታሪኩ ውስጥ አለንበት።

ከቤታችን እጀምራለሁ። ኮምፒዩተር ከመምጣቱ በፊት የጽሕፈት መኪና ነበረ። የጽሕፈት መኪና የተሠራው ጥቂት ፊደላት ላሏቸው ቋንቋዎች ነው። ከአርባ ብዙም የማይበልጡ ቁልፎች፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ምልክት ቢይዙ፣ መቶ እንኳ አይሞሉም። የአማርኛ ፊደል ግን ሠላሳ ሦስቱ መደቦች በሰባት ቅጽ ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ አኃዞቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ከዚህ በላይ ናቸው። ኢንጂነር አያና ብሩ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ላይ የደከሙት ይህን ስሌት ለመፍታት ነው።

በዚያው ዘመንና ከዚያም በኋላ ሌላ ሐሳብ በጽሑፍም በስብሰባም ይነሣ ነበር፤ መኪናው ፊደሉን ካልቻለ ፊደሉ ይቀነስ የሚል። «ሐ» እና «ኀ» ለ«ሀ» ቦታቸውን ይልቀቁ፤ «ሠ» ለ«ሰ»፣ «ዐ» ለ«አ»፣ «ፀ» ለ«ጸ» ይገዙ፤ ሰባቱ ቅጾችም በተቀጽላ ምልክት ይተኩ ተባለ። የሐሳቡን ባለቤቶች አላቃልልም። ሕፃናትን ቶሎ ለማስነበብና ኅትመትን ለማፋጠን የተጨነቁ አስተዋይ ሰዎች ነበሩ። ለታሪክ ተማሪ ግን አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል። መኪናው የማይለወጥ፣ ፊደሉ ደግሞ የሚለወጥ ሆኖ ተቆጥሯል። የመጀመሪያው መልስ «ሰው ይታረም» የሚል ነበር።

ከዚህ ወደ ሌላ አገርና ወደ ሌላ መሣሪያ እንሻገር። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ፓሎ አልቶ በሚገኘው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል ውስጥ ብራቮ የሚባል የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራም ተሠራ። በትለር ላምፕሰንና ቻርልስ ሲሞኒ የሠሩት ይህ ፕሮግራም ጽሑፉን በኅትመት ላይ እንደሚወጣው አድርጎ በስክሪን ላይ ያሳይ ስለ ነበር በዘመኑ የሚደነቅ ሥራ ነበር። ይሁን እንጂ አንድ ጠባይ ነበረው። ፕሮግራሙ በትእዛዝ መቀበያ ሁኔታ ላይ ሳለ እያንዳንዱ ቁልፍ ትእዛዝ ይሆናል፤ በጽሑፍ መቀበያ ሁኔታ ላይ ሳለ ግን ያው ቁልፍ ፊደል ነው። ተጠቃሚው በየትኛው ሁኔታ ላይ እንዳለ ቢዘነጋና «ኤዲት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አራት ፊደላት ቢመታ፣ የመጀመሪያዋ ፊደል ሰነዱን በሙሉ ትመርጣለች፣ ሁለተኛዋ ትሰርዘዋለች፣ ሦስተኛዋ «አስገባ» ትላለች፣ አራተኛዋ ደግሞ ትጻፋለች። ከብዙ ገጽ ሰነድ የምትተርፈው አንዲት ፊደል ናት።

ያ ሰው ሰነዱ ሲጠፋ ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም። የእኛ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ያለችውን ይላል። በማዕከሉ ውስጥ ይሠራ የነበረው ላሪ ቴስለር ግን ጥፋቱ የሰውየው ነው የሚለውን ፍርድ አልተቀበለም። ዜሮክስ በዚያ ጊዜ ጊን የተባለ የመማሪያ መጻሕፍት አሳታሚ ድርጅት ባለቤት ነበረ። ቴስለርና የሥራ ባልደረባው ለዚህ አሳታሚ ፕሮግራም እንዲሠሩ ሲታዘዙ፣ ሥራቸውን ከመጀመራቸው በፊት አርታዒዎቹ በወረቀት ላይ እንዴት እንደሚሠሩ ተመለከቱ። አርታዒዎቹ አንድን አንቀጽ ከቦታው ማንሣት ሲፈልጉ በመቀስ ይቆርጡታል፤ በሌላ ገጽ ላይም በሙጫ ይለጥፉታል። ጂፕሲ ተብሎ የተጠራው አዲሱ ፕሮግራም ይህንኑ ልማድ ወረሰ። ዛሬ ሁላችንም በቀን ብዙ ጊዜ የምንፈጽመው ቆርጦ መለጠፍ መልኩን የያዘው በዚህ ጊዜ ነው። ሁኔታ መቀያየሩም ቀረ፤ ፊደል ሲመታ ሁልጊዜ ፊደል ይጻፋል። ቴስለር ይህን እምነቱን እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 2020 እ.ኤ.አ.፣ አልተወም፤ የመኪናውን ሰሌዳ ሳይቀር «ሁኔታ የለም» የሚል ትርጉም ባላቸው ቃላት አስጽፎት ነበር።

እዚህ ላይ መልሱ ተገለበጠ። ሰው መሆኑ ቀርቶ መሣሪያው ይታረም ተባለ። የእርማቱ ምንጭም የመሐንዲሱ ብልኅነት ብቻ አልነበረም፤ በመቀስና በሙጫ የሚሠራ ሰው በትዕግሥት ታይቷል።

ይኸው ልማድ በአፕል ኩባንያ የሊሳ ኮምፒዩተር ሲሠራ ቀጠለ። ሊሳ ለገበያ የቀረበው በ1983 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ኮምፒዩተር ነክተው የማያውቁ ሰዎች እየተጋበዙ እንዲሞክሩት ይደረግ ነበር። በአንድ ሙከራ ላይ፣ ተጠቃሚው ትእዛዙን ለማጽደቅ እንዲጫነው የተዘጋጀው ቁልፍ «ዱ ኢት»፣ ማለትም «አድርገው»፣ የሚል ጽሑፍ ነበረበት። በስክሪኑ የፊደል ቅርጽ ምክንያት ግን ሁለቱ ቃላት ተጣብቀው «ዶልት» ይመስሉ ነበር፤ ትርጉሙ «ጅል» ማለት ነው። ከተሞካሪዎቹ አንዱ መሣሪያው ለምን እንደሚሰድበው ተቆጥቶ ጠየቀ። ጽሑፉ ወዲያውኑ «ኦኬ» በሚለው ተተካ። ዛሬ በየፕሮግራሙ የምናየው «ኦኬ» በዚያ ሰው ቁጣ ላይ የቆመ ነው። ያ ሰው ቁጣውን ውጦ «እኔ ነኝ የማልችለው» ብሎ ቢሄድ ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር።

ሦስተኛው ምዕራፍ የቆጠራ ምዕራፍ ነው። የተጠቃሚው ቁጥር ከጥቂት መሥሪያ ቤቶች አልፎ በብዙ ሚሊዮን ሲቆጠር፣ ሁሉን በየወንበሩ አጠገብ ቆሞ ማየት የማይቻል ሆነ። ማይክሮሶፍት በኦፊስ 2003 ላይ ፈቃደኛ ተጠቃሚዎች የሚሰጧቸውን ትእዛዞች ስም ሳይጠቅስ መቁጠር ጀመረ። ከቡድኑ አባላት አንዱ የነበረው ጄንሰን ሃሪስ ለሕዝብ እንደገለጸው፣ በዎርድ 2003 ከሚሰጡት ትእዛዞች ሁሉ ከ11 በመቶ በላይ የሚሆነው «ለጥፍ» የሚለው ነበር። «ለጥፍ»፣ «አስቀምጥ»፣ «ቅዳ»፣ «መልስ» እና «አድምቅ» የሚሉት አምስቱ ብቻ አንድ ላይ 32 በመቶ ገደማ ደርሰዋል። ከሠላሳ ዓመት በፊት በመቀስና በሙጫ የጀመረው ሥራ በመጀመሪያው ረድፍ ላይ መገኘቱን ልብ ይሏል። የኦፊስ 2007 አዲሱ የትእዛዝ ሰሌዳ፣ ሪባን የሚባለው፣ በዚህ ቆጠራ ላይ ተመሥርቶ ተሠራ። በ97ቱ ኦፊስ ላይ ሳይጠሩት ብቅ እያለ ብዙዎችን ያሰለቸው ክሊፒ የተባለው ረዳትም በዚያው እትም ፈጽሞ ተሰናበተ።

ቆጠራ ግን ወሰን አለው። የተጫኑትን ይቆጥራል፤ ፈልገው ያጡትን አይቆጥርም። የኦፊስ ሠሪዎች ራሳቸው እንደተናገሩት፣ ተጠቃሚዎች እንዲጨመሩላቸው ከሚጠይቋቸው ነገሮች ብዙዎቹ ቀድሞውኑ በፕሮግራሙ ውስጥ ያሉ ነበሩ፤ የጠፋው በሩ ነበር። በሜኑ ላይ ያልተጻፈ ነገር ደግሞ ስንት ሰው እንደ ፈለገው ከየትኛውም ቆጠራ ላይ አይገኝም። ጥቂቶች የሚጽፉበት ቋንቋ ችግርም በመቶኛ ሲሰላ ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ቆጠራ ብቻውን ለብዙኃኑ ያደላል፤ የጥቂቶች ጉዳይ በቃልና በጽሑፍ መቅረብ አለበት።

ይህን በር የከፈተው የብራውዘር ታሪክ ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሞዛይክ ተሠራ፤ በማግሥቱ ዓመት ኔትስኬፕ ተከተለ። ኔትስኬፕ በገበያ ሲሸነፍ በመጋቢት ወር 1998 እ.ኤ.አ. የፕሮግራሙን ምንጭ ለማንኛውም ሰው ክፍት አደረገ። በዚያው ዓመት ደግሞ ባግዚላ የሚባለው የችግር መመዝገቢያ ለሕዝብ ተከፈተ። እኔ ይህን መዝገብ ከብራውዘሩ ባልተናነሰ ታላቅ ፈጠራ አድርጌ አየዋለሁ። ከዚያ በፊት ቅሬታ ወደ ኩባንያው ይላካል፤ የት እንደ ደረሰ አይታወቅም። ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ ቅሬታ ቁጥር ተሰጠው፤ ማን ምን ብሎ እንደ መለሰለት፣ ለምን እንደ ተዘጋ ወይም እንደ ተወዘፈ ማንም ሊያነበው ቻለ። መዝገቡ ከአመልካቹ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፦ ምን አደረግህ? ምን ጠበቅህ? ምን ሆነ? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች «እኔ አልችልም» ለሚለው ዐረፍተ ነገር ቦታ የላቸውም። ጥፋቱን ከሰው ላይ አንሥተው በጠበቀውና በሆነው መካከል ባለው ልዩነት ላይ ያኖሩታል። በኅዳር ወር 2004 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ እትሙ የወጣው ፋየርፎክስ የዚህ ክፍት አሠራር ፍሬ ነው።

አሁን ወደ ፊደላችን እንመለስ። ኮምፒዩተር በመጀመሪያ ከጽሕፈት መኪና ብዙም አልተሻለም። በ1963 እ.ኤ.አ. የወጣው አስኪ የተባለው የፊደል ሰንጠረዥ 128 ቦታ ብቻ ነበረው፤ በኋላ የተስፋፉት ሰንጠረዦች 256። የላቲኑን ፊደል በቦታው ትተን የእኛን ለመጨመር ብንሞክር አይበቃም። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በአገር ውስጥም በውጭም ያሉ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ብልኃት ፈጠሩ። ፊደሉን በብዙ ፎንት ከፋፍለው ወይም በክፍልፋይ ምልክቶች ገጣጥመው በላቲኑ ቦታ ላይ አኖሩት። አማርኛ በስክሪን ላይ ታየ። ነገር ግን እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ ሰንጠረዥ ስለ ነበረው፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ይሆን ነበር። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድ ይወቅ «ሴራ» ብለው የሰየሙት ሥርዓት ደግሞ ግእዝን በላቲን ፊደላት ወጥ በሆነ መንገድ ለመወከል ያስቻለ ነበር። ዛሬ ወጣቶች በድምፅ አጻጻፍ አማርኛ ሲከትቡ የሚከተሉት ሐሳብ ከዚያ ጋር ዝምድና አለው።

መሠረታዊው መፍትሔ ከሌላ አቅጣጫ መጣ። የዜሮክሱ ጆ ቤከር በ1988 እ.ኤ.አ. የዓለም ጽሕፈቶች ሁሉ በአንድ ሰንጠረዥ ይኑሩ የሚል ረቂቅ አቀረበ፤ ዩኒኮድ የተባለው ነው። ግእዝ በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ በ1999 እ.ኤ.አ. ቦታውን አገኘ። በ2005፣ በ2010 እና በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለጉራጌኛና ለሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላት ገቡ። ይህ በራሱ የሆነ አይደለም። የትኛው ፊደል በየትኛው ቋንቋ እንደሚያስፈልግ፣ ከማስረጃ ጋር፣ በተጻፈ ሐሳብ ያቀረቡ ሰዎች ነበሩ።

ከጽሕፈት መኪናው ዘመን ጋር አነጻጽሩት። ያኔ ፊደሉ ይጠር ተባለ፤ አሁን ሰንጠረዡ ረዘመ። «ሐ»፣ «ኀ»ና «ሠ» ሁሉም እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ቦታ ይዘው ገቡ። የፊደል ቅነሳው ሐሳብ ጸድቆ ቢሆን ኖሮ፣ መሣሪያው ከግማሽ ክፍለ ዘመን በኋላ ያለ ችግር ሊሸከመው የሚችለውን ቅርስ አስቀድመን በገዛ እጃችን ቆርጠን በጣልነው ነበር።

ሆኖም መሣሪያ ሁልጊዜ ሊታረም ይችላል ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ ጊዜ አለው። የኤክሴል ሠንጠረዥ ቀናትን የሚይዘው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1900 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተራ ቁጥር ነው። 1900 የሠግር ዓመት አልነበረም፤ ኤክሴል ግን ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1900 የሚባል ቀን አለው። ምክንያቱም ከእርሱ በፊት ገበያውን ይዞ የነበረው ሎተስ 1-2-3 ያንን ስሕተት ስለ ሠራ፣ ፋይሎቹ እንዲናበቡ ሲባል ስሕተቱ ሆን ተብሎ ተወርሷል። ዛሬ ቢታረም በዓለም ላይ ያሉ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ሠንጠረዦች ቀናቸው ይዛነፋል። ስሕተት በጊዜው ካልተጠቆመ ሕግ ይሆናል ማለት ነው።

ታዲያ ለእኛ ገና ሕግ ያልሆነው፣ ልንጠቁመው የምንችለው ምን አለ? ሁለት ነገሮችን ላንሣ።

አንደኛው የቀን አቆጣጠር ነው። ቀን ወርን በሚያስቀድም ሠንጠረዥ ላይ ጥቅምት 30 ቀን 2015ን «30/2/2015» ብላችሁ ብትጽፉ፣ ፌብሩዋሪ 30 ቀን የለውምና ፕሮግራሙ ቀን መሆኑን አይቀበልም፤ እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። ይህ ቀላሉ ችግር ነው። የአሜሪካን ልማድ ተከትሎ ወርን በሚያስቀድም ሠንጠረዥ ላይ ጳጉሜን 3 ቀን 2015ን «3/13/2015» ብትሉት ግን ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ማርች 13 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. አድርጎ ይቀበለዋል። የልደት ቀን፣ የጡረታ ዘመን፣ የውል ማብቂያ በዚህ መንገድ ሊዛባ ይችላል። መፍትሔውም ሩቅ አይደለም። ሠንጠረዡ የሚይዘው ተራ ቁጥር ስለ ሆነ የዘመን አቆጣጠር የቁጥሩ ንባብ ብቻ ነው፤ ለሂጅራ አቆጣጠር የማሳያ ምርጫ ተሰጥቷል። ዘመናዊ ብራውዘሮችም የኢትዮጵያን አቆጣጠር፣ ዐሥራ ሦስቱን ወር ጭምር፣ አስልተው ማሳየት ይችላሉ። በድረ ገጽ ቅጾች ላይ ያለው መደበኛው የቀን መሙያ ግን በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ላይ የቆመ ነው። ዕውቀቱ በቤቱ ውስጥ አለ፤ የጠፋው በሩ ነው።

ሁለተኛው ከመግቢያዬ ላይ የነበረው የፍለጋ ጉዳይ ነው። በአንዳንድ ብራውዘሮች በገጽ ውስጥ ስትፈልጉ፣ በላቲን ፊደል ላይ የተቀመጠ የድምፅ ምልክት ቢኖርም ባይኖርም ቃሉ ይገኛል፤ ልዩነቱን የሚፈልግ ሰው ደግሞ የሚጫነው ምርጫ የተዘጋጀበትም አለ። ለ«ሰ»ና ለ«ሠ»፣ ለ«ጸ»ና ለ«ፀ» ይኸው ለምን አይሆንም? እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርገን ብንገላገል አይሻልም ወይ? ይህ የጽሕፈት መኪናው ዘመን መልስ ነው። እንዲህ ከሆነ አሁንም የምናርመው ሰውን ነው። የጻፈው ሰው እንደ ጻፈው ይቆይ፤ ፍለጋው ግን ይላላ። ግእዝን የሚመረምር ሊቅ ልዩነቱን ሲሻ ያጥብቀው፤ መዝገብ ቤት ያለች ሠራተኛ ደግሞ ባለጉዳይዋን ታግኝ። ሁለቱም በአንድ መሣሪያ ሊገለገሉ ይችላሉ።

ውድ ተማሪዎች፤ እኛ ቅሬታችንን በቃል የምንጨርስ ሰዎች ነን። በቡና ሰዓት እናማርራለን፤ ከዚያም መሣሪያውን ለምደነው እንኖራለን። ልምምዳችን ጥበብ ይመስለናል። በታሪኩ እንዳየነው ግን መሣሪያን ያሻሻሉት ሳይለማመዱት የቀሩ፣ አለመልመዳቸውንም ያሳወቁ ሰዎች ናቸው፦ በመቀስ የሚቆርጡት አርታዒዎች፣ መሣሪያው ሰደበኝ ያለው ተሞካሪ፣ ለጥቂት ተናጋሪዎች ቋንቋ ፊደል ይጨመርልን ብለው ማስረጃ የሰበሰቡ ምሁራን። የብራውዘሮቹና የክፍት ምንጭ የቢሮ ፕሮግራሞቹ መዝገቦች ዛሬም ክፍት ናቸው። የዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ጥምረት የግእዝ ጽሕፈት አቀማመጥ ምን እንደሚጠይቅ የሚዘረዝር ሰነድ ሲያዘጋጅ ቆይቷል፤ አስተያየትም ይቀበላል። የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ርእስ ለምትፈልጉ ሁሉ፣ አንድ መዝገብ ቤት ገብታችሁ አንድ ሳምንት ተቀመጡና ሰው ሲሠራ ተመልከቱ። ምን አደረገ? ምን ጠበቀ? ምን ሆነ? ያያችሁትን ጻፉ፤ የሚያነብም አለ።

በሚቀጥለው ጊዜ በአንድ መስኮት ፊት ቆማችሁ «እኔ ኮምፒዩተር አልችልም» የሚል ድምፅ ስትሰሙ፣ ማን እንዳልቻለ መጠየቅን አትርሱ።